ኤሌክትሪክ ሲጠፋ የፋይበር ኢንተርኔቱ ለምን አብሮ ይጠፋል?

ከፍኖተ ሰላም የጻፉልን ወንድማችን፣ የቤታቸው የፋይበር ሳጥን በባትሪ እየሠራ ሳለ እንኳ የከተማው ኤሌክትሪክ በጠፋ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ኢንተርኔቱ እንደሚቋረጥ፣ ኤሌክትሪክ ሲመጣም ያለ ጥገና እንደሚመለስ ገልጸው ምክንያቱን ጠይቀዋል። በደብረ ማርቆስና በአካባቢው በፋይበር ጥገና ለዓመታት ስለሠራሁ ይህን ችግር ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ከቤትዎ እስከ ኢንተርኔት አቅራቢው ጣቢያ ባለው መስመር ላይ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ነገር የለም፤ ብርሃኑን ለ32 ወይም ለ64 ቤት የሚያከፋፍለው ስፕሊተር እንኳ ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል። ኤሌክትሪክ የሚፈልጉት ሁለቱ ጫፎች፣ ማለትም የእርስዎ ሳጥንና ጣቢያው ውስጥ ያለው ኦኤልቲ (የቤቶቹን ፋይበር የሚያስተዳድረው መሣሪያ) ናቸው። ኦኤልቲው በ1490 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ብርሃን ለሁሉም ቤቶች ይልካል፤ ቤቶቹ ደግሞ በ1310 ናኖሜትር የሚመልሱት እርሱ በሰጣቸው ተራ ብቻ ስለሆነ፣ ኦኤልቲው ከጠፋ የቤትዎ ባትሪ ምንም አይፈይድም።

በጣቢያዎች ኦኤልቲው በአብዛኛው የሚሠራው በ48 ቮልት ባትሪዎች በታገዘ ሬክቲፋየር (የከተማውን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ጅረት በሚቀይር መሣሪያ) ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩን ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው። ኤሌክትሪክ እያለ ሜትሩ 54 ቮልት ገደማ ስለሚያሳይ ባትሪው ጤነኛ ይመስላል፤ ዋናው ብሬከር ሲወርድ ግን ያረጀው ባትሪ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ 43 ቮልት ይወርድና መሣሪያው ይዘጋል። ስለዚህ ባትሪ መፈተሽ ያለበት ጭነት ተሸክሞ፣ ማለትም መሣሪያውን ራሱ እያሠራ ነው እንጂ ቻርጅ ላይ እያለ አይደለም። ሙቀትም ዕድሜውን ክፉኛ ያሳጥራል፤ ፍኖተ ሰላም ከደብረ ማርቆስ ዝቅ ያለና ሞቃት በመሆኑ የክፍሉ ማቀዝቀዣ ችላ ሊባል አይገባም።

በሚቀጥለው መቋረጥ የሳጥኑን ጠቋሚ መብራቶች ይመልከቱ። «ሎስ» (LOS) የሚለው ቀይ ከበራ ብርሃን አይደርስዎትም ማለት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ራሱ የሚስተካከል ከሆነም ፋይበሩ አልተቆረጠም። «ፖን» (PON) የሚለው አረንጓዴ ሳይርገበገብ በርቶ ኢንተርኔት ከሌለ ግን ኦኤልቲው በሕይወት አለ፤ የጠፋው ከእርሱ በላይ ያለው የማስተላለፊያ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ይህ ልዩነት ሳይጣራ የቤት ኮኔክተር ቀይሮ መሄድ የደንበኛውን ጊዜ ማባከን ነው።

ሲያመለክቱ ኤሌክትሪኩ የጠፋበትንና ኢንተርኔቱ የተቋረጠበትን ሰዓት፣ የበራውን ቀለም፣ እንዲሁም በሌላ ሰፈር ያሉ ደንበኞችም ተቋርጦባቸው እንደሆነ ጽፈው ያስገቡ፤ የጣቢያው ባትሪ በጭነት እንዲፈተሽም በግልጽ ይጠይቁ።