የእቁቡን ብር ስልክ ላይ ላውለው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ቤቴ ውስጥ የሀበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ፣ ጥልፍም እሠራለሁ። ደንበኛ የማገኘው በቴሌግራም ነው። ሥራዬን ፎቶ አንሥቼ እለጥፋለሁ፣ እነሱ አይተው ያዛሉ። የያዝኩትን ስልክ የዛሬ ሁለት ዓመት በ14 ሺህ ብር ነው የገዛሁት። አሁን ይንቀራፈፋል፣ ማታ የሚያነሣው ፎቶ ድብዝዝ ያለ ነው፣ ቀለሙም ይዋሻል። ባለፈው ወር አንዷ ደንበኛዬ «ፎቶው ላይ ክሬም ነበር፣ የመጣልኝ ግን ነጭ ነው» ብላ ቀሚሱን መለሰችብኝ። በሚቀጥለው እሑድ የእቁብ ተራዬ ነው፣ 200 ሺህ ብር ይደርሰኛል። ወንድሜ «ፋራ አትሁኚ፣ ፕሮ ማክስ ግዢ፣ እንጀራሽ ነው» ይለኛል። መገናኛ ሄደን ጠየቅን። አዲሱን አይፎን 185 ሺህ፣ ሦስት ዓመት ያገለገለውን 80 ሺህ አሉን። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «በዚህ ብር የጥልፍ ማሽን አይገዛም ወይ?» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም። ውድ ስልክ እውነት እንደ ዋጋው ነው? ደግሞ ቤታችን ውስጥ ኔትወርክ የሚይዘው በረንዳ ላይ ብቻ ነው። ውድ ስልክ ኔትወርክ ይስባል ይላሉ፣ እውነት ነው?
ጥልፍ ሠሪዋ

መልስ፦ እኅቴ፣ አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው፦ የ185 ሺሁን አትግዢ። የ80 ሺሁን ላስብበት ብትይ ግን አልከለክልሽም። ባለቤትሽ ልክ ነው፤ ወንድምሽም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፣ እሱ የተሳሳተው «ፕሮ ማክስ» ከሚለው ቃል ጀምሮ ነው።

ከስልኩ በፊት ግን ያቺን የተመለሰች ቀሚስ እንይ። ማታ ሳሎን ውስጥ በአምፖል ነው ያነሣሻት አይደል? ነጭ መነን በአምፖል ብርሃን ቢጫ ቢጫ ይላል። ዐይናችን ለምዶታልና አይሸወድም፣ ነጭ መሆኑን ያውቃል። ካሜራ ግን ይገምታል። ከፎቶው ውስጥ ነጩ የቱ እንደሆነ ይፈልግና በዚያ ተነሥቶ የቀረውን ቀለም ያስተካክላል፤ እንግዲህ ከፊቱ ያለው ሁሉ ነጭ ጨርቅ ሲሆን፣ በአንድ በኩል የመስኮት በሌላ በኩል የአምፖል ብርሃን ሲመጣበት ግራ ይጋባል። ውዱ ስልክ ግምቱ ይሻላል እንጂ እሱም ይስታል።

ይህን በራሴ ቤት ሞክሬዋለሁ። የባለቤቴን ወርቃማ ጥለት ያለው ነጠላ አወጣሁና ሁለት ቦታ አነሣሁት፣ በዚያው በአሮጌው ስልኬ። አንዱን ማታ ሳሎን፣ አንዱን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ በረንዳ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማታርፍበት ጥግ ላይ። የማታው ላይ ወርቃማው ክር ጭቃ የነካው ይመስላል። የጠዋቱ ላይ ክሩን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻል ነበር። ስልኩ ያው ነው፣ አንሺውም ያው ነኝ። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ቀሚሱን በረንዳ ላይ ስቀይው፣ አምፖሉን አጥፊው፣ «ቢዩቲ» የሚሉትን ማሳመሪያም አጥፊው። ሌንሱንም በነጠላ ጫፍ ጥረጊው፤ ስልክ ወጥ ቤት የሚገባ ዕቃ ነው፣ በዘይት እጅ ስንነካው ውለን ከዚያ ካሜራውን እናማለን።

ታዲያ ውድ ስልክ ምንም የለውም ወይ? አለው። ትልቁ ልዩነት ካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ስፋት ነው። ይህ ክፍል ሰፋ ሲል በአንድ ቅጽበት ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፣ ስለዚህ በደብዛዛ ቤት ውስጥም ፎቶው አይቆሽሽም። ሱቅ ውስጥ «50 ሜጋፒክስል» እያሉ የሚጠሩልሽ ቁጥር ይህን አይነግርሽም። አይፎን 13 ዋና ካሜራው 12 ሜጋፒክስል ብቻ ነው፣ ማታ ላይ ግን ባለ 50 የሆኑ ብዙ ርካሽ ስልኮችን ያስንቃል። ከርካሾቹ ጀርባ ከምታዪአቸው ሦስትና አራት ክቦች አንዳንዶቹ ባለ 2 ሜጋፒክስል ናቸው፣ ለጌጥ የተቀመጡ ነው የሚመስለኝ። የውዶቹ ሌላው ጥቅም ማጉሊያው ነው፤ ፕሮ በሚባሉት ላይ በሌንስ ስለሚያጎሉ የአንገቱን ጥልፍ ከራቅ ብለሽ አንሥተሽ ስፌቱ ጥርት ብሎ ይወጣል። ላንቺ ሥራ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወንድምሽ ልክ የሆነው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ፕሮ ማክስ የሚባለው አይፎን ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥበት መነሻ ዋጋ 1,199 ዶላር ነው። ዋጋው አልተነቃነቀም፣ የተነቃነቀው የኛ ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት የባንኩ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በዚያ ስታሰቢው 68 ሺህ ብር ገደማ ይመጣል። በ150 ብር ስታሰቢው 180 ሺህ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። እርግጥ ያኔም በ68 ሺህ የሸጠልን የለም፣ ነጋዴው ዶላሩን ከጥቁር ገበያ ነበር የሚገዛው። ይህን ያመጣሁት «ስልኩ ስለተሻሻለ ነው የተወደደው» የሚሉሽን እንዳትሰሚ ነው።

አሁን እንደ ቤት ወጪ እናስላው። የ185 ሺሁን ስድስት ዓመት ብትይዢው በዓመት 31 ሺህ ገደማ ነው። የ80 ሺሁን አራት ዓመት ብትይዢው በዓመት 20 ሺህ፣ ባትሪ ማስቀየሪያ ጨምሪበት። 28 ሺህ ብር የሚያወጣ አዲስ መካከለኛ ስልክ ገዝተሽ እንዳሁኑ በሁለት ዓመት ብትቀይሪው በዓመት 14 ሺህ። በንጹሕ ሒሳብ ርካሹ ያሸንፋል፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ነገር ግን አይፎን ሲሸጥም ዋጋ ይይዛል፣ ርካሹ ስልክ በሁለት ዓመቱ የልጆች መጫወቻ ነው የሚሆነው። ደግሞ በወር አንዲት ቀሚስ በቀለም ሰበብ ብትመለስብሽ በዓመት ስንት እንደምታጪ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ያንን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፊው። በረንዳው ችግሩን ከፈታልሽ ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል፣ ያኔ የ28 ሺሁ ይበቃሻል። ማታ ካልሆነ ጊዜ የለኝም፣ ቪዲዮም እሠራለሁ ካልሽ ደግሞ የ80 ሺሁ ራሱን ይከፍላል።

ስንት ዓመት እንደሚያገለግል የሚወስነው ብረቱ ብቻ አይደለም፣ አምራቹ በየጊዜው የሚልክለት የሶፍትዌር ማሻሻያም ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው አይፎን ኤክስኤስ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣውን አይኦኤስ 18 የተባለ ማሻሻያ ተቀብሏል፣ የ2025 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ግን ቀረበት። ሳምሰንግ ደግሞ ከኤስ24 ጀምሮ ለውዶቹ ስልኮቹ የ7 ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብቷል። ማሻሻያው ሲቆም ስልኩ ወዲያው አይሞትም፤ ግን ቀስ በቀስ የባንክና የክፍያ መተግበሪያዎች «ስልክዎ አይችልም» ማለት ይጀምራሉ፣ ብር በስልክ ለሚቀበል ሰው ደግሞ ይህ ሞት ነው። ሦስት ዓመት ያገለገለ ስልክ ስትገዢ የምትገዢው የቀረውን ዕድሜ ነው፤ ስለዚህ ስሙን ሳይሆን የወጣበትን ዓመት ጠይቂ።

ያገለገለ ስልክ ላይ እኔም ተበልቻለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ሱቅ «ኦርጅናል ነው፣ ከዱባይ የመጣ» ብሎ ሸጠልኝ። በአራተኛው ወር ስክሪኑ በራሱ ጊዜ መነካካት ጀመረ። ኪሴ ውስጥ ሆኖ ይደውላል። አንድ ሌሊት ለቀድሞ አለቃዬ ሦስት ጊዜ ደውሏል፣ ምን ብዬ እንዳስረዳሁት አትጠይቂኝ። የጥገናው ልጅ ከፈተውና ሳቀ፤ ስክሪኑ የተቀየረ ነበር፣ ጠርዙ ላይ ያለው ሙጫ በእጅ የተቀባ መሆኑ ያስታውቃል። ሱቁ ስመለስ «እኛ ያልነካነው ነው» አለኝ፣ ወፍ የለም።

ስለዚህ ብር ከመክፈልሽ በፊት እዚያው ቆመሽ ይህን አድርጊ። ሻጩ የራሱን አካውንት አውጥቶ ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ፊትሽ ይደምስስ፣ አንቺ እንደ አዲስ ክፈቺው። የማታውቂውን ሰው ኢሜይልና የይለፍ ቃል ከጠየቀሽ ተይው፣ ምንም ያህል ቢረክስ። የራስሽን ሲም አስገብተሽ ደውይ፤ ለአንድ የውጭ አገር ኔትወርክ ብቻ የተቆለፈ ስልክ አለ። *#06# ደውይና የሚመጣውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አስተያይ። በሴቲንግ ውስጥ ጄኔራል፣ ከዚያ አባውት የሚለውን ክፈቺ፤ በአይፎን 12ና ከዚያ ወዲህ በወጡት ላይ ባትሪ ወይም ስክሪን ተቀይሮ ከሆነ እዚያ ይጽፈዋል። የባትሪውን ጤንነትም እዪ። አይፎን 14ና ከዚያ በፊት ያሉት 500 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ተደርገውም 80 በመቶ እንዲይዙ ነው የተሠሩት፤ ከ80 በታች ከሆነ የባትሪ ማስቀየሪያውን ከዋጋው አስቀንሺ። ከ95 በላይ ብሎ ስልኩ ሦስት ዓመት ከሆነው ደግሞ ባትሪው ተቀይሯል ወይ በይ።

ኔትወርኩን በተመለከተ፣ ውድ ስልክ አንቴናውን ወደ ኮዬ አያቀርበውም። ትንሽ ልዩነት ሊኖር ይችላል፣ የኮንዶሚኒየም ኮንክሪት ግን ለማንም አያዳላም። 185 ሺህ ከማውጣትሽ በፊት የሌላኛውን ኦፕሬተር ሲም ከጎረቤት ተዋሺና ሳሎን ቁጭ ብለሽ ሞክሪው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ከኮዬ በታክሲ ጨርቅ ልታመጪ ሽሮ ሜዳ ድረስ የምትመላለሽ ሴት ነሽ። በመስኮት በኩል የሚነጠቅ ስልክ ዋጋው አይጠየቅም። የ185 ሺህ ስልክ ይዘሽ ታክሲ ውስጥ ካላወጣሽው ምን ይሠራልሽ፣ ካወጣሽው ደግሞ ልብሽ አብሮ ይንጠለጠላል።

እሑድ ብሩ እጅሽ ሲገባ እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ሁለት ሳምንት ባለሽ ስልክ በረንዳ ላይ አንሺ። በዚያው ሰሞን ከባለቤትሽ ጋር ሄዳችሁ የማሽኑን ዋጋ ጠይቁ። የ80 ሺሁን ብትገዢ እንኳ 120 ሺህ ይተርፍሻል፣ እሱ ለማሽኑ መነሻ ይሆናል። አዲሱን ከገዛሽ የሚተርፍሽ 15 ሺህ ነው፣ እሱም ለከቨርና ለስክሪን መከላከያ፣ ለወንድምሽም የምሳ ግብዣ ይሄዳል። እቁቡን ደግሞ ገና እየከፈልሽ ነው።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፣ ለገጣፎ ነው የምኖረው። «8+8 ራም» የሚል ስልክ አይቻለሁ። 16 ማለት ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ፣ 8 ነው። ሁለተኛው 8 ፎቶና ቪዲዮ ከምታስቀምጥበት ቦታ ላይ የተበደረ ነው፣ ፍጥነቱም ከእውነተኛው ራም፣ ማለትም ስልኩ ሥራ ላይ ሳለ ከሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ በጣም ያነሰ ነው። ላይጎዳህ ይችላል፣ ግን ብር አትጨምርበት። ሁለት ስልክ ስታወዳድር ከመደመሪያው በፊት ያለውን ቁጥር ብቻ እይ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሰበታ ነው። ልጄ ከአሜሪካ አይፎን 14 ላከልኝ። ሲም ላስገባ ብል ቀዳዳ የለውም! ሐሰተኛ ስልክ ልኮልኝ ይሆን?

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎን አይጠርጥሩት። በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከአይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩት የሲም ማስገቢያ የላቸውም። የሚሠሩት ኢሲም በሚባለው ነው፣ ቁጥርዎ ካርድ ሳያስፈልገው ስልኩ ላይ ይጫናል። መታወቂያዎንና ስልኩን ይዘው ወደ ቴሌ አገልግሎት ማዕከል ይሂዱና «ቁጥሬን ወደ ኢሲም ቀይሩልኝ» ይበሉ። ከመሄድዎ በፊት ልጅዎን ደውለው «ስልኩ እዚያ ላለ ድርጅት ያልተቆለፈ ነው ወይ? ከፍለህ ጨርሰሃል?» ብለው ይጠይቁት፤ በየወሩ የሚከፈልበት ከሆነ ብዙ ጊዜ ክፍያው ሳያልቅ ቁልፉ አይከፈትም። ጥልፍ ሠሪዋም ይህን አንብቢው፤ ያ የ80 ሺሁ ስልክ ከአሜሪካ የመጣ 14 ከሆነ ሲምሽን የምታስገቢበት ቦታ ትፈልጊለታለሽ።