ፎቶው የማያሳይሽ ከማስቀመጫው አፍ በታች ያለውን ነው

ጥያቄ፦ 26 ዓመቴ ነው። በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ከሥራ ሰዓት ውጭ አበባ ማሰናዳት እለማመዳለሁ። የዘመኑን ታላላቅ የአበባ ዲዛይነሮች ሥራ በፎቶ እያየሁ እሞክራለሁ፤ የእኔ ግን ሁልጊዜ የእነሱ ደካማ ግልባጭ ይሆናል። ቅርንጫፎቹ እንኳ ባስቀመጥኳቸው አይቆሙልኝም። ተሰጥኦ የለኝም ማለት ነው? ያጠራቀምኩትን ገንዘብ በሙሉ ዲፕሎማ ለሚሰጥ የኢንተርኔት ኮርስ ልከፍል አስቤያለሁ። እናቴ «አበባ ማሰር ያልተማረ ሰው ሥራ ነው» ትላለች። የተመረቀ ወንድሜን ወጪ የምሸፍነውም እኔ ነኝ። ደግሞስ አልረፈደብኝም?

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂዬ፣ «ተሰጥኦ የለኝም ማለት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ብዙ ወጣቶች ይጽፉልኛል። ባነበብኩት ቁጥር እናደዳለሁ። የምናደደው በጠያቂዎቹ አይደለም፤ ያለቀለትን ሥራ ብቻ እያሳየ፣ እንዴት እንደተሠራ ደብቆ፣ ሰውን በራሱ ላይ ተስፋ በሚያስቆርጥ የመማሪያ መንገድ ነው። ስለዚህ ሌሎቹን ጥያቄዎችሽን በአጭሩ አልፌ እዚህ ላይ እቆያለሁ።

የአበባ ሥራ ቅርጹን በአብዛኛው የሚያገኘው አበባውን ደግፎ ከያዘው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ቨርነን ስሚዘርስ የተባለ አሜሪካዊ ውኃ የሚመጥ አረንጓዴ ስፖንጅ ሠራ። ዘንጉን በፈለጉት አቅጣጫ ሰክቶ ማቆም ስለተቻለ፣ ጥቅጥቅ ያሉ ክቦችና ሦስት ማዕዘኖች የሱቁ ሁሉ መልክ ሆኑ። ስፖንጁ ግን ፕላስቲክ ነው፤ ፍርፋሪው አይበሰብስም። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በትርዒቶቹ ላይ ከልክሎታል። ብዙ ዲዛይነሮችም ወደ ሽቦ መረብና ወደ ኬንዛን ተመልሰዋል። ኬንዛን ጥቅጥቅ ያሉ የናስ መርፌዎች የተተከሉበት ከባድ መቀመጫ ነው። ዘንጉ ማስቀመጫው ውስጥ ታጥፎ በገባ የሽቦ መረብ ውስጥ ሲያልፍ ከጎኑ ባለው ዘንግ ላይ ይደገፋል፤ አዘነባበሉንም በከፊል ራሱ ይመርጣል። ዛሬ በየፎቶው የምታደንቂው አየር የሚያልፍበት፣ ልቅ ያለ መልክ ከዲዛይነሩ ስሜት ብቻ የመጣ አይደለም። ከታች ያለው ድጋፍ ሲቀየር ከላይ ያለው ቅርጽም ተቀየረ።

አንቺ ፎቶውን አይተሽ በተራ የመስታወት ማስቀመጫ ስትሞክሪው ዘንጎቹ ሁሉ ተንሸራትተው ጠርዙ ላይ ይወድቃሉ። የጎደለሽ የታጠፈ ሽቦ ነው። ተሰጥኦሽ ስለመኖር አለመኖሩ ፎቶዎቹ ገና ምንም አልነገሩሽም።

ይህን ራስሽ እንድታዪው አንድ ልምምድ ልስጥሽ። ሶፉ ቴሺጋሃራ እ.ኤ.አ. በ1927 ጃፓን ውስጥ የመሠረተው የሶጌትሱ ትምህርት ቤት ለጀማሪ የሚያስተምረው ነው። ጠፍጣፋ ሳህን፣ አንድ ኬንዛንና ሦስት ቅርንጫፎች ብቻ ያዢ። የሳህኑን ስፋትና ቁመት ደምሪ፤ «ሺን» የሚባለው ዋናው ቅርንጫፍ የድምሩ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይርዘም። «ሶኤ» የሺንን ሦስት አራተኛ፣ «ሂካኤ» ደግሞ የሶኤን ሦስት አራተኛ ይሁኑ። ቀጥ ብሎ ከቆመ መስመር የመጀመሪያውን በ15፣ ሁለተኛውን በ45፣ ሦስተኛውን በ75 ዲግሪ አዘንብዪ። ጠንካራውን ቅርንጫፍ መጀመሪያ ቀጥ አድርገሽ መርፌው ላይ ስኪው፤ ከተያዘ በኋላ ብቻ ወደምትፈልጊው አቅጣጫ ግፊው። ጫፉን በሰያፍ ከቆረጥሽው የተቆረጠው ፊት ወደ ላይ ይመልከት፤ ያን ጊዜ አይገለበጥም። ከዚያ አንዱን ማዕዘን ብቻ ቀይሪና ሁሉም ነገር እንዴት እንደሚለወጥ ተመልከቺ። ሕጉ ጠባብ ነው፤ ሆኖም ያንኑ ሕግ ያስተማረው ቴሺጋሃራ ራሱ በኋላ ብረትና የደረቀ ግንድ ይዞ ቅርጻ ቅርጽ ሠርቷል።

ስለ ዘመናዊ ዲዛይን ያልሽውን በጣም ወድጄዋለሁ፤ ግን የምታዪበት ቦታ ይለወጥ። ከአበባ አበባን የሚቀዳ ሰው የሚያገኘው የሌላውን መልስ ነው። ወንበር፣ ሕንፃና መብራት ተመልከቺ። ሆላንዳዊው ማርት ስታም እ.ኤ.አ. በ1926 የኋላ እግር የሌለው ወንበር ከጋዝ ቧንቧ ሠራ። የኋላ እግር የሌለው ነገር ሰው ተቀምጦበት እንዴት አይወድቅም? ቧንቧው ሳይቋረጥ ታጥፎ፣ ክብደቱን መሬት ላይ ወደተኛው ክፍል ይመልሰዋል። ይህን ጥያቄ ወደ ሳህንሽ አምጪው፤ አንድ ረጅም ቅርንጫፍ ከጠርዙ ርቆ ወደ አንድ ጎን ይውጣ፣ በተቃራኒው በኩል ዝቅ ያለ ከባድ የአበባ ስብስብ ይመልሰው፣ የቀረው ባዶ ይተው። ፊንላንዳዊው አርክቴክት አልቫር አልቶ እ.ኤ.አ. በ1936 የነደፈውን ጠርዙ እጥፋት በእጥፋት የሆነ የመስታወት ማስቀመጫም ፈልገሽ እዪ። አፉ ሰፊ ስለሆነ አበባው በየእጥፋቱ ተከፋፍሎ ይዘነበላል፤ እቅፍ አድርገሽ ልታስገቢው ብትሞክሪ ይበተንብሻል። እዚያም ማስቀመጫው ከአንቺ በፊት ግማሹን ወስኗል።

ፎቶ የማያስተምረው ሌላም ነገር አለ። አበባ ከተቆረጠም በኋላ ይንቀሳቀሳል። ቱሊፕ ውኃ ውስጥ ሆኖ ማደጉን ይቀጥላል፣ ወደ ብርሃንም ይጎነበሳል። ጠዋት የጨረስሽው ሥራ ማታ ሌላ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ቱሊፑን ጠዋት ዝቅ አድርጎ ይተክለዋል።

ስለዚህ ኮርሱን አሁን አትክፈዪ። እኔ ወደዚህ የምክር ሥራ የመጣሁት ለዓመታት የቤት ዕቃ ወርክሾፕ ውስጥ ሠርቼ ነው። እዚያ ማንም ሰው የሌላውን ወንበር ፈትቶ መልሶ ሳይገጥም የራሱን እንዲነድፍ አይፈቀድለትም ነበር። ትክክል ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ያጠራቀምሽውን ገንዘብ ባንክ ተዪውና በሳምንቱ መጨረሻ ሥራ በሚበዛበት የአበባ ሱቅ በረዳትነት ግቢ። ሣጥን ስትከፍቺ፣ ከውኃው መስመር በታች ያለውን ቅጠል ስታራግፊ፣ ዘንጉን በሰያፍ ቆርጠሽ ለሰዓታት ጥልቅ ባልዲ ውስጥ ስታቆዪ ትውያለሽ። ዳፎዲል የተባለው አበባ ወዲያው እንደተቆረጠ ከቱሊፕ ጋር አንድ ባልዲ ውስጥ እንደማይገባ፣ ከዘንጉ የሚወጣው ፈሳሽ ቱሊፑን እንደሚጎዳው፣ የበሰለ ፍራፍሬ የሚያወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝም የካርኔሽን አበባን ቶሎ እንደሚያደርቅ እጅሽ ይማራል። ከሁሉ በላይ፣ ለሠርግ የተሠራ ትልቅ ሥራ ሲፈርስ ቆመሽ ታያለሽ። ሽቦው የት እንደታሰረ፣ ክብደቱ የት እንደነበር በአንድ ምሽት ይገለጥልሻል። ሥራው ግን ከባድ ነው፤ እጅ በቅዝቃዜና በእሾህ ይሰነጠቃል፣ ሌላው ሰው በዓል ሲያከብር አንቺ ሥራ ላይ ነሽ። ይህንንም ደመወዝሽን ሳትለቂ ብታውቂው ይሻላል።

ወደ ቤትሽ ልምጣ። እናትሽን አከብራለሁ፤ ስለ ሥራው የተናገሩት ግን ስሕተት ነው። ዕድሜው አጭር የሆነ ሸቀጥ ገዝቶ፣ የሚበላሸውን አስቀድሞ አስቦ፣ ዋጋ ተምኖ ማትረፍ ስሌት የሚጠይቅ ሥራ ነው። አንቺ ደግሞ የሒሳብ ሰው ነሽ። ዘንግ ሳይቆጥሩ ሠርተው የሚከስሩ ጎበዝ እጆች ብዙ ናቸው፤ አንቺ ከመጀመሪያው ቀን ትቆጥሪያለሽ። የተመረቀው ወንድምሽን በተመለከተ ግን በግልጽ እነግርሻለሁ፤ የእሱ ወጪ የአንቺ ግዴታ አይደለም። የምትሰጪበትን የመጨረሻ ወር ወስኚ፣ ዛሬውኑ ንገሪው፣ አትለውጪው። ከእናትሽ አስተያየት ይልቅ ከሙያሽ የበለጠ እየከለከለሽ ያለው ይህ ወጪ ነው።

ዕድሜ? ኮንስታንስ ስፕራይ ለንደን ውስጥ የአበባ ሱቋን እ.ኤ.አ. በ1929 ስትከፍት ከ40 ዓመት በላይ ነበረች፤ ከዚያ በፊት የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበረች። ከአጥር የለቀመችውን ቅጠልና የጎመን ቅጠል ሳይቀር ከውድ አበባ ጋር ታሰናዳ ነበር። አልረፈደብሽም።

ዲፕሎማውን በተመለከተ፣ አብዛኛው የሱቅ ባለቤት የሚያየው እጅሽንና ሰዓት አክባሪነትሽን ነው። ለመቀጠር ስትሄጂ የሞከርሻቸውን ፎቶዎች ይዘሽ አትሂጂ፤ ቅዳሜ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደምትደርሺና ባልዲ ከማጠብ እንደምትጀምሪ ተናገሪ። አንድ የሠርግ ወቅት ሙሉ ከሠራሽ በኋላ ኮርሱ አሁንም ያስፈልገኛል ካልሽ ስሙንና የሚያስተምረውን ዝርዝር ላኪልኝ፣ የትኛው ክፍል ገንዘብ ሊከፈልበት እንደሚገባ አብረን እናያለን።