ሸክላ፣ ሴራሚክ ወይስ ሲኒ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ኢንዶኔዥያ አጠገብ ከሰመጠ የዓረብ መርከብ ስለወጡት የቻይና ሳህኖች አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ቀለም የተቀቡ ሴራሚኮች» ብዬ ነበር፤ ጓደኛዬ «ሲኒ በላቸው» አለኝ። የቱ ይሻላል? በሐርላ የተገኙትን ስብርባሪዎችስ ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ሴራሚክ ስህተት አይደለም። ግን እኛ አገር ሴራሚክ ሲባል ሰው ቶሎ የሚታየው የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ነው። ሸክላ ይበቃል። የምትጽፈው በ1998 በበሊቱንግ ደሴት አጠገብ ስለተገኘው መርከብ ከሆነ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ ሳንቃዎቹ በምስማር ሳይሆን በገመድ ስለተሰፉት ማለቴ ነው፣ ከውስጡ ወደ 60,000 የሚጠጋ ዕቃ ወጥቷል፤ አብዛኛው በሁናን ግዛት፣ በቻንግሻ አካባቢ የተሠራ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ፖርሴሊን (ነጩና ስሱ የቻይና ሸክላ) አይደለም፤ በከፍተኛ ሙቀት የተተኮሰ ጠንካራ ሸክላ ነው። ጣባ ብትለውም አልከፋም።

«የተቀባ» የሚለውን ግን ተወው። የቻንግሻ ሠዓሊ በብረትና በመዳብ ቀለም ይስላል፣ ላዩ ላይ ብርጭቆ የሚመስል ቅብ ይደረብበታል፣ ከዚያ እቶን ይገባል። ስለዚህ ቡናማውና አረንጓዴው ሥዕል ከቅቡ ሥር ነው ያለው። «የተሳለበት» በል። የተሳለው ደግሞ ወፍ አለ፣ ዓሣ አለ፣ የሎተስ አበባ አለ፣ አልፎ ተርፎም የዓረብኛ ጽሕፈት አስመስሎ የተሞነጫጨረ መስመር አለ። ሠዓሊው ፊደሉን ያውቀው ነበር ብዬ አልገምትም። ገዢው ምን እንደሚወድ ግን ገብቶታል! አንዱ ሳህን ላይ ከ826 ጋር የሚገጥም ቀን ተጽፏል።

ሳትጠይቀኝ አንድ ልጨምር። «የቻይና ተጽዕኖ» ብለህ እንዳትጽፍ። በዚያው በ9ኛው መቶ ዘመን የባስራ (የዛሬዋ ኢራቅ ከተማ) ሸክላ ሠሪዎች የቻይናን ነጭ ዕቃ ለመምሰል ሸክላቸውን ነጭ ቅብ እያለበሱ በኮባልት ሰማያዊ ይስሉበት ነበር፤ መርከቡ ውስጥ ደግሞ ቻይና የተሠሩ ሦስት ነጭና ሰማያዊ ሳህኖች ተገኝተዋል። ይሄ መቀባበል ነው፤ ተጽዕኖ ካልክ አንዱ ሰጪ ሌላው ተቀባይ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ጓደኛህ በታሪክ ልክ ነው። ሲኒ የመጣው በዓረብኛ «ቻይናዊ» ከሚለው ቃል ነው። ዛሬ ግን ሲኒ የቡና ነው፣ አለቀ። ሳህኑን ሲኒ ብትለው የሚከተልህ አንባቢ አታገኝም። (ስኒ ብለህ ብትጽፍም አልጣላህም፤ ሁለቱም ይጻፋል።)

ወደ ሐርላ። ድሬዳዋ አጠገብ ነው፤ በ2017 ይፋ በሆነው የቁፋሮ ውጤት ከቻይና፣ ከየመንና ከማልዲቭስ የመጣ ሸክላ እንደተገኘ ተገልጿል። «ስብርባሪ» ለመስታወትም ለእንጨትም ይሆናል። የሸክላ ስባሪ የራሱ ስም አለው፦ ገል። ዕጣን የሚጨስበት፣ ፍም ከጎረቤት የሚመጣበት ገል። «የቻይና ሸክላ ገሎች» ብለህ ጻፍ።