ሪዞሉሽኑ በየጠዋቱ ይመለስብኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የቢሮዬ ዴስክቶፕ ዊንዶውስ 10 ነው። ባለ 22 ኢንች ሞኒተሩን በቪጂኤ ኬብል ሰክቼ 1920 በ1080 ላይ እሠራለሁ። ማታ ከዲቫይደሩ አጥፍቼ ሄጄ ጠዋት ስከፍተው 1024 በ768 ሆኖ፣ ጽሑፉ ተለጥጦ ይጠብቀኛል። ካስተካከልኩት በኋላ ሪስታርት ሳደርገው ግን እንዳስተካከልኩት ይቆያል። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ቢጫንለትም ያው ነው።

መልስ፦ ዊንዶውስ የስክሪን ምርጫዎን የሚያስቀምጠው ከሞኒተሩ ማንነት ጋር አያይዞ ነው። እያንዳንዱ ሞኒተር አምራቹን፣ ሞዴሉንና የሚችላቸውን ሪዞሉሽኖች የያዘ ኢዲአይዲ የሚባል መታወቂያ አለው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ይህን በኬብሉ በኩል ያነባል። መታወቂያው ካልደረሰው የማያውቀው ሞኒተር የተሰካ ይመስለዋል። የትናንቱ ምርጫዎ አልጠፋም፤ የማን እንደሆነ ስላልታወቀ ብቻ ሥራ ላይ አይውልም። ሪስታርት ሲያደርጉ ሪዞሉሽኑ ሳይመለስ የሚቆየውም ሞኒተሩ ያኔ በርቶ ስለሚገኝ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ ሲታይ፣ ሳያስተካክሉት፣ ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ዲቫይስ ማናጀርን ይክፈቱና ሞኒተርስ የሚለውን ይዩ። «ጄነሪክ ነን-ፒኤንፒ ሞኒተር» ካለ መታወቂያው አልተነበበም። እዚያው ዲስፕሌይ አዳፕተርስ ሥር «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ካገኙ ደግሞ የግራፊክስ ድራይቨሩ (ዊንዶውስ የግራፊክስ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም) አልተጫነም፤ ከኮምፒውተሩ አምራች ድረ ገጽ በሞዴሉ ፈልገው ይጫኑት።

ቀጥሎ ኬብሉን ነቅለው የጫፉን ሰፊ ጎን ወደ ላይ አድርገው ፒኖቹን ከግራ ይቁጠሩ። መታወቂያው የሚያልፈው በታችኛው ረድፍ ሁለተኛና አምስተኛ ፒኖች ነው። ከሁለቱ አንዱ ከተሰበረ ወይም ከሌለ ኬብሉን ይቀይሩ፤ የተጣመመውን በቀጭን መቆንጠጫ ቀስ ብሎ ማቅናት ይቻላል። የመካከለኛው ረድፍ አራተኛ ፒን በብዙ ኬብሎች ላይ የለም። ይህ ፒን 5 ቮልት ተሸክሞ ሞኒተሩ ጠፍቶም መታወቂያው እንዲነበብ የሚረዳ ነው። ከሌለ ጠዋት መጀመሪያ ሞኒተሩን፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ያብሩ። መሐል ላይ ስፕሊተር (ምስሉን ለብዙ ሞኒተር የሚያከፋፍል ዕቃ) ካለም አውጥተው ይሞክሩ። ኮምፒውተሩም ሞኒተሩም ኤችዲኤምአይ ካላቸው ግን በቪጂኤው አይድከሙ፤ ያለ ኮንቨርተር በቀጥታ ያገናኟቸው።

ኬብሉ ደህና ከሆነ የሚቀረው ፋስት ስታርትአፕ ነው። ይህ ሲበራ ሹት ዳውን ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም፤ የድራይቨሩን ሁኔታ ዲስክ ላይ አኑሮ በማግስቱ ያንኑ ይመልሳል። ለመፈተን ሞኒተሩን ሳያጠፉ ሺፍትን ተጭነው ሹት ዳውን ያድርጉ። እንደገና ሲያበሩ ሪዞሉሽኑ ከቆየ፣ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ገብተው የፓወር በተን ምርጫዎችን ይክፈቱ፤ ከፋስት ስታርትአፕ ፊት ያለውን ምልክት አንስተው ሴቭ ይበሉ።

ጥያቄ፦ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ የመረጥኩት የግራፊክስ ካርድ ኤሌክትሪክ በጠፋ ቁጥር ወደ «አውቶ» ይመለሳል። ቀኑም ይዛባል።

መልስ፦ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል። በአብዛኞቹ ዴስክቶፖች ላይ ሲአር2032 የሚባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው። የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅለው፣ የመደመር ምልክቱን ወደ ውጭ አድርገው አዲሱን ያስገቡ፤ ከዚያ ባዮስ ገብተው ቀኑንና ካርዱን እንደገና መርጠው «ሴቭ ኤንድ ኤግዚት» ይበሉ።