መልስ፦ የሂደት ባሩ ፐርሰንት አያሳይም፣ መስመርም ይደራርባል

አብሽር ወንድሜ፣ ይስተካከላል። የደሴን፣ የኮምቦልቻንና የሐይቅን የዝናብ መዝገብ በፓይተን ስታነብ የቲኪውዲኤም (tqdm፣ ሥራው የት እንደደረሰ በባር የሚያሳይ የፓይተን መሣሪያ) ባር ፐርሰንት አልሰጥ ብሎሃል፤ በየዙሩም አዲስ መስመር እየጻፈ አስቸግሮሃል። ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

ፐርሰንቱ የጠፋው ፋይሉን መስመር በመስመር ስለምታነብ ነው። ቲኪውዲኤም በጠቅላላው ስንት መስመር እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ የደረሰበትን ቁጥር፣ ያለፈውን ጊዜና ፍጥነቱን ብቻ ያሳይሃል። መስመሮቹን አስቀድመህ ቁጠርና ቁጥሩን «ቶታል» (total) በሚለው ስጠው። ያኔ የቀረውን ጊዜም ይገምትልሃል።

መስመር የሚያደራርበው ሉፑ (እየተደጋገመ የሚሠራው የኮድ ክፍል) ውስጥ ያስገባኸው «ፕሪንት» (print፣ ጽሑፍ ስክሪን ላይ የሚያወጣው ትእዛዝ) ነው። ባሩ የሚሠራው ያንኑ አንድ መስመር ደጋግሞ በላዩ ላይ በመጻፍ ነው፤ ፕሪንት መሀል ሲገባበት ይበላሻል። በሱ ፈንታ የራሱን የቲኪውዲኤም «ራይት» (tqdm.write) ተጠቀም። ጽሑፉ ከላይ ይወጣል፣ ባሩ ከታች ይቆያል።

ፕሮግራሜን ያንቀራፍፈዋል ብለህ አትስጋ። ካልቀየርከው በቀር ስክሪኑን የሚያድሰው ቢበዛ በየ0.1 ሰከንዱ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። መብራት ከጠፋ ባሩ ሥራህን አያስቀምጥልህም። የአንዱ ጣቢያ መዝገብ ባለቀ ቁጥር ውጤቱን ፋይል ላይ ጻፍ፤ ስትመለስ ካቆምክበት ትቀጥላለህ።