መጀመሪያ መገጣጠሚያውን ያረጋግጡ

«ረጅም የሒሳብ ማረጋገጫ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንቶች ስሰጥ መሐል ላይ መንገዱ ይጠፋባቸዋል፤ እንዴት አድርጌ ልከፋፍለው?» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን፦

እኔ ሊን በተባለው፣ ኮምፒውተር የሒሳብ ማረጋገጫን በሚፈትሽበት ቋንቋ፣ ከኤጀንቶች (የተሰጣቸውን ሥራ በራሳቸው ከሚሠሩ ፕሮግራሞች) ጋር ስሠራ ቆይቻለሁ። መከፋፈሉ ራሱ ብዙ አያስቸግርም፤ ኤጀንቱን «አሥር ቦታ ክፈለው» ቢሉት ወዲያው ይከፍለዋል። ጭንቁ ያለው፣ ቁርጥራጮቹ ተመልሰው ሲገጣጠሙ ዋናውን ውጤት መስጠታቸው ላይ ነው።

የደረሰብኝን ልንገርዎ። ፌርማ በ1640 በደብዳቤ የጻፈው፣ ኦይለር ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ያረጋገጠው ቲዎረም አለ፦ ለ4 ሲካፈል 1 የሚተርፈው ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ያለ ቀሪ የማይካፈል) ሁሉ የሁለት ካሬ ቁጥሮች ድምር ነው። 13 የ4 እና የ9 ድምር ነው፤ 29 ደግሞ የ4 እና የ25። ይህን ሦስት ቦታ ከፈልኩት። በ13 ላሳይዎት። አንደኛ፣ ካሬው ላይ 1 ሲጨመር ለ13 ያለ ቀሪ የሚካፈል ቁጥር አለ፤ እሱም 5 ነው፣ 25 ሲደመር 1 ይሆናል 26። ሁለተኛ፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክታቸው ሳይቆጠር ከ13 ዳግም ዘር የሚያንሱ ሀ እና ለ አሉ፤ ሀ እና የለ አምስት እጥፍ ለ13 ሲካፈሉ ቀሪያቸው እኩል ነው። ሦስተኛ፣ የሀ እና የለ ካሬዎች ድምር ለ13 ይካፈላል፣ ከ26 ግን ያንሳል፤ ስለዚህ 13 ራሱ ነው።

ሁለተኛውን ኤጀንቱ በአንድ መስመር ጨረሰው። ደስ አለኝ። ሦስተኛው ግን አመሻሹን ሙሉ እምቢ አለ። እኩለ ሌሊት ላይ ያቺን አንድ መስመር ከፍቼ ሳነብ ሀ ዜሮ፣ ለም ዜሮ ሆነው አገኘኋቸው፤ የካሬዎቻቸው ድምር 0 እንጂ 13 አይሆንም። «ሁለቱም ዜሮ አይሁኑ» የሚለውን ሁኔታ ሳልጽፍ ቀርቼ ነበር። ኤጀንቱ የጻፍኩትን በትክክል አረጋግጧል፤ የጻፍኩት ግን ለምንም አይጠቅምም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምጀምረው ከመገጣጠሚያው ነው። ሊን ውስጥ ሶሪ የሚባል ቃል አለ፤ በማረጋገጫው ፋንታ ከገባ፣ ሊን ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ያልፋል። ንዑስ ግቦቹን፣ ማለትም ቁርጥራጮቹን፣ በሙሉ በሶሪ ትቼ፣ ዋናው ቲዎረም ከእነሱ መውጣቱን አስቀድሜ አረጋግጣለሁ። ያን ምሽት እንዲህ አድርጌ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በሶሪ ትቼ ከሚገጣጥማቸው ከሦስተኛው ጀምሬ ቢሆን ኖሮ የጎደለችው ሁኔታ ገና ከጅምሩ ትታየኝ ነበር።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ንዑስ ግብ በ5፣ በ13፣ በ17 እሞክረዋለሁ፤ አንድ ኤጀንት ደግሞ ሥራው ማፍረስ ብቻ ይሆናል፣ ተቃራኒ ምሳሌ ይፈልጋል። በተለይ መቀነስ ካለበት ይጠንቀቁ፤ በሊን የተፈጥሮ ቁጥሮች ውስጥ ከ2 ላይ 3 ሲቀነስ ውጤቱ 0 ነው።

ለሚያረጋግጠው ኤጀንት የንዑስ ግቡን አረፍተ ነገር፣ ትርጓሜዎቹንና የሚያስፈልጉትን ሌማዎች (ረዳት ውጤቶች) ብቻ ይስጡት። የቀደመውን ምልልስ ሁሉ ሲጭኑበት ነው የሚጠፋው። ደጋግሞ ካቃተው «እንደገና ሞክር» አይበሉት፤ የቆመበትን ቦታ ይጠይቁትና እዚያው ላይ ለሁለት ይክፈሉት። አረፍተ ነገሩን ግን እንዲነካ ፈጽሞ አይፍቀዱለት። አንዱ ኤጀንቴ መላምት ጨምሮ «ጨረስኩ» ብሎኛል።

ይህ አሠራር ከኤጀንቶቹ በፊትም የነበረ ነው። የሒሳብ ሊቁ ቴረንስ ታኦና ባልደረቦቹ በ2023 የፍራይማን ሩዛ ፖሊኖሚያል ግምት የተባለውን የሒሳብ ውጤት ማረጋገጫ ወደ ሊን ሲያስገቡ፣ ማረጋገጫውን በካርታ ዘርግተው በትናንሽ ሌማዎች አከፋፈሉት፤ ያለቀው አረንጓዴ ይሆናል። በሦስት ሳምንት ገደማ ተጠናቀቀ።

ሁሉም አለቀ ሲባል ቲዎረሙ የተመሠረተባቸውን አክሲዮሞች (ያለ ማረጋገጫ የተወሰዱ መነሻዎች) የሚዘረዝረውን የሊን ትእዛዝ ያሂዱ፤ የተረሳ ሶሪ ካለ እዚያ ይወጣል። እስከዚያው፣ እምቢ ያለዎትን የንዑስ ግብ አረፍተ ነገር እንዳለ ገልብጠው ይላኩልን፤ በትናንሽ ቁጥሮች አብረን እንፈትነዋለን።