«እግሬን አመመኝ» የሚለው ልጅ

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ወንድ ልጅ አለን። ስኩተር ሲነዳ መብላትም ይረሳል፤ ሒሳብ ግን አልገባው ብሏል። ባለቤቴ ውጤቱን ባየ ጊዜ ተናድዶ ስኩተሩን ቆለፈበት። እኔ ደግሞ «ልጅ በሚወደው ነገር ይማር» ብዬ አስከፈትኩትና በየቀኑ ርቀቱንና ፍጥነቱን እያሰላ እንዲነዳ አደረግሁ። ለእያንዳንዱ ትክክለኛ መልስ ተለጣፊ ኮከብ እሰጠው ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ሄደ። አሁን ግን «ስኩተርህን አምጣ» ስለው «እግሬን አመመኝ» ይላል፤ ከጓደኞቹ ጋር ሲሮጥ ግን አየዋለሁ። ባለቤቴም «አላልኩሽም?» እያለ ያበሽቀኛል። የተሳሳትኩት ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ከጓደኞቹ ጋር እንደ ልቡ የሚሮጥ ከሆነ እግሩ ደህና ሳይሆን አይቀርም። የተወሰደበት ነገር እንዳለ ገብቶታል፤ በምን ቃል እንደሚናገረው ግን አያውቅም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባለቤትዎ ስኩተሩን በቁልፍ ወሰዱበት፤ እርስዎ ደግሞ በጥያቄ ወሰዱበት።

ኮከቦቹን በተመለከተ አንድ የታወቀ ጥናት ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን መርጠው ለአንዳንዶቹ «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» አሏቸው። ቀናት አልፈው ቀለሞቹ እንደገና ሲቀርቡላቸው፣ ሽልማት ጠብቀው የሣሉት ልጆች ለሥዕል የሰጡት ጊዜ ቃል ካልተገባላቸው ልጆች ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ሽልማቱን ሳይጠብቁት ድንገት ያገኙት ግን ፍላጎታቸው እንደ ነበረ ቆየ። ልጅዎም ስኩተሩን በነፃ ይወድደው ነበር፤ ኮከቡ ሲመጣ ሥራ ሆነበት።

ሐሳብዎን ግን አይጣሉት። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በእጁ የያዘውን ነገር ከወረቀት ላይ ቁጥር ይልቅ በቀላሉ ያስብበታል። ለሁለት ሳምንት ያህል ምንም ሳይጠይቁት ይንዳ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ጥያቄው የእርስዎ የራስዎ ይሁን። ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉና «ይህች ጎማ አንዴ ስትዞር ስንት ሴንቲ ሜትር የምትሄድ ይመስልሃል?» ይበሉት። እርስዎም ይገምቱ፤ ቢሳሳቱ ደግሞ እሰየው ነው። (እኔ የዛሬ ዓመት በ20 ሴንቲ ሜትር ጎማ ላይ ስሞክረው 40 ነበር ያልኩት።) ስኩተሩን ቀስ ብሎ ይግፋው፤ ምልክቱ መሬት የነካባቸውን ሁለት ቦታዎች ይለካ። የእሱም ጎማ 20 ከሆነ አንዴ 61፣ አንዴ 64 ይመጣል፤ ልጁም «የቱ ነው ልክ?» ይላል። እዚህ ላይ እባክዎን ዝም ይበሉ። ደግሞ ይለካዋል፤ ወደ 63 እየተጠጋ ሲሄድም ራሱ ያየዋል። ጎማው በመሃሉ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ ደግሞ 20 ነው፤ ዙሪያው የዚያ ሦስት እጥፍና ትንሽ ትርፍ። የድስት ክዳን ዙሪያና ስፋት ቢለካም ያው ሦስትና ትንሽ ትርፍ ይመጣለታል። ስሙ «ፓይ» መሆኑን አይንገሩት። መምህሩ አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ 3.14 ብሎ ሲጽፍ ልጁ የሚያውቀውን ነገር ያገኛል።

ፊዚክሱ ሳይጠሩት ይመጣል። የፊት ጎማው ጠጠር መትቶ ሲቆም እሱ ወደ ፊት ከተወረወረ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚያስቆመው ኃይል እስኪያገኝ መሄዱን እንደሚቀጥል ተምሯል፤ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ያሳተመው ሕግ ነው። በዚያ ሰዓት ግን ጉልበቱን እጠቡለት እንጂ ስለ ኒውተን አታንሱበት።

ስኩተር የማባዛት ሠንጠረዥን አያስጠናም፤ ይህንንም ልንገርዎት። እሱ ለብቻው፣ በሌላ ሰዓት፣ በአጭሩ ይጠና። ልጁ የወደቀበት ቦታ ማካፈል ይሁን ክፍልፋይ፣ ከመምህሩ ጋር ተነጋግረው ይለዩት። ጥረቱ ሁሉ ለወራት ውጤት ካጣ የትምህርት ችግር ምርመራ ያስፈልገዋል።

ከሒሳቡ ይልቅ ያሳሰበኝ «አላልኩሽም?» የሚለው ነው። ልጁ በሁለታችሁ መካከል ማን እንደሚያሸንፍ የሚታይበት ሜዳ ሆኗል፤ ስኩተሩን ቢነዳ እናቱን አሸናፊ፣ ባይነዳ አባቱን አሸናፊ ያደርጋል። ይህ ለ10 ዓመት ልጅ ከባድ ሸክም ነው። ባለቤትዎ የቆለፉት ልጁ ወደ ኋላ እንዳይቀር ፈርተው ይመስለኛል፤ ስለ ስኩተሩ ከመሟገት በፊት ስለዚያ ፍርሃት ይጠይቋቸው፤ ልጁ በተኛበት ሰዓት። ከዚያ በአንድ ነገር ብቻ ተስማሙ፦ ስኩተሩ ቅጣትም ሽልማትም አይሁን። የሚከለከልበት ብቸኛ ምክንያት ሄልሜት አለማድረግ ይሁን።

ለአባትየው ደግሞ ሥራ አለላቸው። ፍሬኑ ላልቶ ወይም ጎማው እየተንገጫገጨ ከሆነ ከልጁ ጋር ቁጭ ብለው ይፍቱት። ስለ ውጤት አያንሱ፤ ብሎን አቀብለኝ፣ ያንን ያዝልኝ ይበቃል።

የተረፉትን ኮከቦች ሁሉንም ለልጁ ይስጡት። ስኩተሩ ላይ መለጠፍ ካማረው ይለጥፋቸው።